የልብስ ማጠቢያ ማሽን በር አልከፈት ሲል ምን ይደረጋል?

ሥራውን ጨርሶ የቆመ፣ በሩን ግን አልከፍት ያለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ማሽን አይደለም። ከፊት ለፊት የሚከፈተው ዓይነት ማሽን በሩን የሚቆልፈው በውስጡ ውሃ፣ ሙቀት ወይም የሚሽከረከር ከበሮ እያለ ማንም እጁን እንዳያስገባ ነው። ስለዚህ በሩ እንቢ ባለ ጊዜ ቀድሞ መታወቅ ያለበት ማሽኑ ለምን እንደያዘው ነው፤ ምክንያቱ ከታወቀ መክፈቱ ብዙ አያስቸግርም። ምክንያቱን ሳያውቁ እጀታውን እየሳቡ መታገል ግን አብዛኛውን ጊዜ እጀታውን ሰብሮ ያስቀራል፤ ለአንድ ለተወሰነ ሞዴል የሚሆን እጀታ ደግሞ ጅማ ላይ እንደልብ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው መንጠቆ ማሽኑ አካል ላይ ወዳለው ቀዳዳ ሲገባ፣ ከቀዳዳው ጀርባ የተቀመጠች ከመዳፍ የማትበልጥ የፕላስቲክ ሳጥን ትይዘዋለች። ይህች ሳጥን ሁለት ዓይነት ናት። በብዙ ማሽኖች ውስጥ ያለችው ኤሌክትሪክ ሲደርሳት የምትሞቅ ክኒን የምታህል አካል አለቻት፤ በእሷ ሙቀት ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ስስ ዝርግ ይጎብጥና አንዲት ፒን ገፍቶ መንጠቆውን ያስራል። ሥራው አልቆ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ብረቱ ወዲያው ስለማይቀዘቅዝ በሩ የሚለቀቀው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የማሽኑን ሥራ ከሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በሚላክ አጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚሠራ ሲሆን፣ «ጠቅ» ብሎ ይቆልፋል፣ «ጠቅ» ብሎም ይከፍታል፤ መጠበቅ አያስፈልገውም። ዋናው ልዩነታቸው መብራት ሲጠፋ ይታያል። የመጀመሪያው ዓይነት መብራት ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ሲለቅ፣ ሁለተኛው ግን የመክፈቻው ምት እስኪደርሰው ድረስ እንደተቆለፈ ይቀራል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይነኩ ማሽኑ ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ አምስት ደቂቃ ያህል መታገስ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም በየቤቱ የሚዘለለው እሱ ነው፤ ማሽኑ ድምፁን እንዳጠፋ እጀታውን የሚስብ ሰው መንጠቆው ገና በፒን ታስሮ ሳለ እየጎተተ በመሆኑ ጤነኛውን ቁልፍ ያላላዋል።

ኤሌክትሪኩን ማጣራት

ከትዕግሥቱ ቀጥሎ የሚታየው የመብራት ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ አምፖል መብራቱ ማሽኑ ኃይል እያገኘ መሆኑን አያረጋግጥም። ማሽኑ በስታብላይዘር በኩል የሚሠራ ከሆነ፣ ብዙ ስታብላይዘሮች መብራት ሄዶ ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ ቆይተው ነው ኃይል የሚለቁት፤ በዚያ መካከል ማሽኑ ሙት መስሎ ይታያል። መብራት የሌለው የእርስዎ ቤት ብቻ ከሆነ ደግሞ የካርድ ቆጣሪውን ሂሳብ ይመልከቱ፤ ልብስ እየታጠበ ሂሳብ ማለቁ እንግዳ ነገር አይደለም። ማሽኑ የተሰካበትን ማከፋፈያ ትተው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለ ሶኬት መሞከርም ይገባል።

የኃይሉ መጠንም ጉዳይ ነው። ማሽኑ የተሠራው ለ220 ቮልት ሲሆን፣ በዚያው መስመር ላይ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ከተለኮሰ፣ በተለይ ከግቢ ወደ ግቢ በቀጭን ሽቦ በተጎተተ መስመር ላይ፣ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። አምፖሉ ደብዘዝ፣ ፈዘዝ ሲል ይህ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፓምፑ ውሃውን የመግፋት አቅሙ ይቀንሳል፣ ቁልፉም በአግባቡ ላይታዘዝ ይችላል። ስለዚህ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ መጠበቅ ከማንኛውም ጥገና ይቀድማል።

ኃይሉ ደህና ሆኖ በሩ አሁንም ከያዘ፣ ማሽኑን በማጥፊያው ያጥፉ፣ ስፒናውን ይንቀሉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት፣ ከዚያም መልሰው ይሰኩና ውሃ የማፍሰሻውን ወይም የመጭመቂያውን ፕሮግራም ብቻ መርጠው ያስጀምሩት። የማፍሰሻው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ቀስቱ ወደ ታች የሚያመለክት ሳፋ ሲሆን፣ የመጭመቂያው ደግሞ ጥምዝምዝ ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ቦርዱ የመክፈቻውን ትእዛዝ እንደገና ይልካል፤ መብራት በመጥፋቱ ምክንያት የተቆለፈ በር በዚሁ የመለቀቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስፒናው በተነቀለ ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ቁልፍ ከበሮው ውሃ እንደሞላ ሊለቅ ስለሚችል፣ በመስታወቱ ውስጥ የውሃውን ከፍታ ሳያዩ በሩን አይሳቡ።

ውሃው ሳይፈስ ከቀረ

በእኔ ግምት ከመብራት ቀጥሎ አብዛኛው ችግር ያለው ከውሃው ላይ ነው። ማሽኑ በከበሮው ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚያውቀው ከታች ባለች የአየር ክፍልና ከእሷ ወደ ላይ በምትሄድ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ነው፤ ውሃው ሲጨምር አየሩን ይጫናል፣ ግፊቱም ለቦርዱ ይነገራል። ውሃ እስካለ ድረስ ቦርዱ በሩን አይለቅም። በመስታወቱ ሲታይ ውሃ ከታየ ወይም ልብሱ ሳይጨመቅ ውሃ እንደተሸከመ ከቀረ፣ ቁልፉን ትቶ ወደ ፍሳሹ መዞር ይገባል። በኤልጂ ማሽኖች ላይ ‹ኦ ኢ› የሚሉ ፊደላት፣ በሳምሰንግ ማሽኖች ላይ ደግሞ ‹5 ኢ› ወይም ‹5 ሲ› የሚለው ምልክት የሚነግሩት ውሃው እንዳልወጣ ነው። በኤልጂ ‹ዲ ኢ› የሚለው ግን በቀጥታ የበሩን ጉዳይ ይመለከታል።

የማሽኑ አሠራር በሚፈቅደው ምርጫ የተነሳ ውሃው ሆን ተብሎ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ልብስ እንዳይጨማደድ ሲባል ከመጨረሻው ማለቅለቅ በኋላ ውሃውን ይዞ የሚያቆም ምርጫ ሳይታወቅ ተነክቶ ከሆነ፣ መጭመቂያውን መምረጥ ብቻ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የማፍሰሻ ጎማውን ይከተሉ። ማሽኑ በረንዳ ላይ ወይም ከቤቱ ጀርባ ባለ ክፍል በተቀመጠባቸው ግቢዎች ጎማው ወደ ቦይ ለመድረስ ሲባል ተቀጥሎ ሲረዝም፣ በበር ሥር ሲሾልክና ሲታጠፍ ይታያል። ማሽኑ ወደ ግድግዳው ሲገፋም ጎማው ከጀርባ ተጨፍልቆ ሊቀር ይችላል። አብዛኞቹ አምራቾች የጎማው ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲሰቀል ያዝዛሉ፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ፓምፑ ይደክማል፣ መሬት ላይ ከተጣለ ደግሞ ውሃው በማጠቢያው ጊዜ እንኳ በራሱ ይፈስሳል። ጎማው ከቀናና ጫፉ ከጭቃ ከጸዳ በኋላ የማፍሰሻውን ፕሮግራም እንደገና ይሞክሩ።

ፓምፑ «እምም» እያለ ውሃ የማይገፋ ወይም ጨርሶ ድምፅ የማያሰማ ከሆነ ፊልተሩን መክፈት ይገባል። በማሽኑ ፊት፣ ከታች፣ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጥግ፣ በሳንቲም ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪቴ የምትከፈት ትንሽ ክዳን አለች። አስቀድመው ስፒናውን ይንቀሉ፤ ማሽኑ በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ከነበረም ውሃው ለብ እስኪል ድረስ ይጠብቁ፤ ከዚህ ቀዳዳ የሚወጣ ትኩስ ውሃ እጅና እግር ያቃጥላል። ከበሮው ውስጥ ከ10 ሊትር በላይ ውሃ ሊኖር ስለሚችል ወለሉ ላይ አሮጌ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ከክዳኗ ሥር የሚገባ ዝቅ ያለ ትሪም ያዘጋጁ። ከክዳኗ ጀርባ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ጎማ ካለ እሱን ስበው፣ ውታፉን ነቅለው ውሃውን ትሪው ላይ ይቅዱት፤ ትሪው ሊሞላ ሲል ውታፉን መልሰው ይወትፉትና ትሪውን ባዶ አድርገው እንደገና ይጀምሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ይህን ትቶ ዋናውን ፊልተር በአንድ ጊዜ ያዞረ ሰው ቤቱን በውሃ ያጥለቀልቃል። ቀጭኑ ጎማ የሌለበት ማሽን ከሆነ ፊልተሩን ወደ ግራ በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ ውሃው በቀጭኑ እንዲወርድ ያድርጉ፣ ሲበዛ መልሰው ያጥብቁ።

ውሃው ካለቀ በኋላ ፊልተሩን አውጥተው ይጠቡ። በጅማ ቤቶች ፊልተር ውስጥ የሚገኘው ነገር የከተማዋን ኑሮ ያሳያል ማለት ይቻላል፤ በዝናቡ ወራት ከልብስ የረገፈ ቀይ ጭቃ ከታች ይረጋል፣ ከጋቢና ከብርድ ልብስ የተነቀለ የጥጥ ብናኝ ተድቦልቡሎ ይገኛል፣ የ1 ብር ሳንቲምና የፀጉር ሽቦም አይጠፋም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ጊዜ ደግሞ በሥራ ልብስ ኪስ ውስጥ የቀረ ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ይመጣል። ጀንፈል ደረቅ ሳለ ፊልተሩ ላይ ይቀራል፤ ልጣጩ ውሃ ጠጥቶ ሲላቀቅ ግን ውስጡ ያለው ፍሬ ሾልኮ የፓምፑ ክንፍ ሥር ይሸጎጣል። ስለዚህ ፊልተሩን ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ በስልክ ባትሪ እያበሩ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይመልከቱና ክንፉን በጣት ያዙሩት። ጤነኛ ክንፍ በውስጡ ማግኔት ስላለ እየነከሰና እየለቀቀ፣ ደረጃ በደረጃ ይዞራል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ጭራሽ ካልዞረ የተሸጎጠውን ነገር በቀጭን ፒንሳ ያውጡ። ፊልተሩን ሲመልሱ የጎማ ቀለበቱ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጠው እስኪጠብቅ ድረስ ያዙሩት፤ ያልጠበቀ ፊልተር በሚቀጥለው እጥበት ውሃ ያንጠባጥባል።

ከበሮው ባዶ ሆኖ ሳለ ፓምፑ ያለማቋረጥ የሚሠራና በሩ የማይለቅ ከሆነ፣ ያቺ የአየር ክፍል ወይም ቀጭኗ ቱቦዋ በሳሙና ዝቃጭ ተደፍና ለቦርዱ የሐሰት ወሬ እየነገረች ሊሆን ይችላል። ይህን ማጽዳት ማሽኑን መክፈት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ቢተው ይሻላል።

ሙቀት፣ የሕፃናት ቁልፍ፣ የራሰ ጋቢ

በ60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚያጥቡ ፕሮግራሞች በመካከል ከተቋረጡ ማሽኑ ውሃው እስኪበርድ በሩን አይለቅም። መስታወቱን በእጅ ጀርባ ነካ አድርገው ትኩስ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፤ ሌላ መፍትሔ አይፈልጉለት።

የሕፃናት ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው አዝራሮቹን ሲሆን፣ በአንዳንድ ሞዴሎች በሩንም ይይዛል። በማሽኑ ፊት ላይ የሕፃን ፊት ወይም የቁልፍ ምልክት ከበራ፣ ምልክቱ ያለበትን አዝራር ወይም በመስመር የተያያዙትን ሁለት አዝራሮች ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ።

የራሰ ጋቢ ግን ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት ነው። እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ማሽኑ ጋቢዬን ውጦ ዝም አለኝ» ያሉኝ ጊዜ ቁልፉ ምንም አልነበረውም። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ በእጅጉ ይጨምራል፤ ከበሮው ሲቆም ወደ ፊት ተንሸራቶ መስታወቱ ላይ ከተደገፈ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ፒኗ ለቃ እንኳ መንጠቆው ተወጥሮ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ስለሚነክስ እጀታው ቢሳብም አይወጣም። እንዲህ ሲሆን በሩን ከመሳብ ይልቅ በመንጠቆው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ በእግር ጉልበት ወይም በመዳፍ ወደ ውስጥ ጫን አድርጎ ይዞ፣ በሌላው እጅ እጀታውን ቀስ ብሎ መሳብ ነው። በቡጢ መምታት አያስፈልግም፤ የጎረቤት ምክር ብዙውን ጊዜ ቡጢ ነው፣ መስታወቱን የሚከፍለው ግን ጎረቤቱ አይደለም።

ይህን ዘዴ በሩ በማጠፊያው በኩል ዘንበል ባለበት ማሽን ላይም መጠቀም ይቻላል። ልጆች የሚደገፉበት ወይም የልብስ ሳፋ የሚቀመጥበት በር በጊዜ ብዛት ይወርዳል፤ መንጠቆውም ከቀዳዳው ጋር መገጣጠሙን ያቆማል። በሩን ከሥሩ ወደ ላይ ቀና አድርገው ሲሞክሩ ከተከፈተ ችግሩ ከማጠፊያው ነው፤ ብሎኖቹን ማጥበቅ ይበቃ ይሆናል።

በእጅ መክፈት

ከላይ የተባለው ሁሉ ተደርጎ በሩ ካልተከፈተ በእጅ መልቀቅ ይቻላል፤ ለዚህ ሁለት ነገሮች ግድ ናቸው። ስፒናው መነቀል አለበት፣ ውሃውም ከበሩ የታችኛው ጠርዝ በታች መሆን አለበት።

በብዙ ሞዴሎች ከፊልተሩ ክዳን ጀርባ፣ ከፊልተሩ ጎን ወይም ከላዩ፣ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ያላት የፕላስቲክ ምላስ ወይም ክር ትገኛለች። እሷን ቀስ ብለው ወደ ታች ሲስቡ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሳይለቋት በሌላው እጅ በሩን ይክፈቱ። ይህች ምላስ የሌለችበት ማሽንም ስላለ ካጧት ፍለጋውን አያራዝሙ።

እጀታው በሚሳበው ዓይነት በር ላይ ሲባጎ ይሠራል። ጠንካራና ቀጭን የሆነ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው የናይለን ክር ወስደው በበሩና በማሽኑ አካል መካከል ባለው ክፍተት፣ በመንጠቆው በኩል፣ ከላይ ወደ ታች እያስገቡ ከመንጠቆው ጀርባ ያሳልፉት፤ ከዚያም ሁለቱን ጫፎች ይዘው ወደ ማጠፊያው አቅጣጫ ይሳቡ። ክሩ መንጠቆውን ወደ ጎን ስለሚገፋው፣ ችግሩ የተሰበረ እጀታ ወይም የላላ ሞላ ከነበረ በሩ ይለቃል። የቁልፉ ፒን ራሷ ካልተመለሰች ግን ክር አይረዳም፤ ኃይል መጨመርም ትርፉ መንጠቆውን መስበር ነው።

የመጨረሻው መንገድ የላዩን ክዳን ማንሳት ነው። ከማሽኑ ጀርባ ከላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈተው ክዳኑን ወደ ኋላ በመግፋት ያነሱታል፤ ከዚያም ሌላ ሰው ማሽኑን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ሲይዝልዎ ከበሮው ወደ ኋላ ይሸሽና እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። በባትሪ እያዩ በፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ጀርባ ያለችውን የቁልፍ ሳጥን ያገኛሉ፤ ፒኗን በቀጭን ካቻቪቴ ገፋ ማድረግ በሩን ይለቀዋል። ማሽኑን ብቻዎን ለማዘንበል አይሞክሩ፤ ከበሮው እንዳይዘል የሚያደርግ የኮንክሪት ክብደት በውስጡ ስላለ ከገመቱት በላይ ይከብዳል። ዋስትናው ያላለቀ ማሽን ከሆነም ብሎን ከመፍታት በፊት የሻጩን ወረቀት ማንበብ ይገባል።

ከላይ የሚከፈተው ዓይነት ማሽን ክዳኑን የሚይዘው በዋነኛነት ለመጭመቂያው ፍጥነት ሲል ነው። ስፒናውን ነቅሎ ከበሮው ጸጥ እስኪል መጠበቅና መልሶ መሰካት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

ቁልፉ ራሱ ሲበላሽ

በሩ በእጅ ተከፍቶ በሚቀጥለው እጥበት ደግሞ ያው ችግር ከተመለሰ ቁልፉ አርጅቷል ማለት ነው። ሌሎችም ምልክቶች አሉ፤ ማሽኑ ሲነሳ «ጠቅ» አይልም፣ ከበሩ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ወይም የሽቦው ማያያዣ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ማሽኑ በረንዳ ላይ የሚውል ከሆነ የጅማ ረጅም ዝናብና እርጥበት የማያያዣውን ብረት አረንጓዴ ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲሆን አንዳንዴ ማያያዣውን ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ብቻ ቁልፉን ያድነዋል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ስፒናው በተነቀለበት፣ ቁልፉም በቀዘቀዘበት ጊዜ የምትሞቀውን አካል በኦም ሊለካት ይችላል፤ ከጥቂት መቶ እስከ 1500 ኦም አካባቢ ካሳየች ደህና ናት፣ መለኪያው ምንም ካላነበበ ተበጥሳለች። ይህ ልኬት የሚሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት ቁልፍ ብቻ ነው።

መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ስፒናው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የበሩን ጎማ ከፊት የያዘውን የሽቦ ቀለበት በሞላው በኩል ያላቃሉ፤ ጎማውን በቁልፉ በኩል ብቻ ወደ ውስጥ ያጥፋሉ፤ ቁልፉን የያዙትን ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች ይፈታሉ፤ ሳጥኗን በክፍተቱ በኩል አውጥተው ሽቦውን ከመንቀልዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያነሱታል። አዲስ ለመግዛት ሲሄዱ የማሽኑን ስም ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ አሮጌዋን ሳጥን ራሷን ይዘው ጀርባዋ ላይ የታተመውን ቁጥር፣ ሽቦ የሚሰካባቸውን እግሮቿን ብዛትና የብሎን ቀዳዳዎቿን ርቀት ከአዲሷ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። በመልክ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን የሽቦ አቀማመጣቸው የተለያየ ቁልፎች ስላሉ «ይሄም ይሆናል» የሚለውን የሻጭ ቃል በፎቶው ማመሳከር ይገባል።

ከተገጠመ በኋላ ጎማው ሳይጣመም መመለሱን በጣት ዙሪያውን ዳብሰው ያረጋግጡ። ከዚያም ልብስ ሳያስገቡ አጭሩን የማለቅለቂያ ፕሮግራም ያስጀምሩ፣ ሲነሳ የቁልፉን ድምፅ ያዳምጡ፣ በበሩ ሥር ውሃ አለመንጠባጠቡን ይዩ፣ ሲያልቅም እስኪለቅ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በሰዓት ይያዙ።